ለጃንጥላ ብዬ የቀየርኩት ባንክ

ስለ ባንክ ምክር የምትፈልጉ ካላችሁ እኔ ዘንድ አትምጡ። ፈንታነሽ ዘንድም አትሂዱ፤ እኔን ለዚህ ያበቃችኝ እሷ ናት። የደረሰብኝን ግን ልንገራችሁ፤ ምክር ባይወጣው ሳቅ አያጣም።

ወረታ ከተማ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ውስጥ ሩዝ አበጣሪ ነኝ። የፎገራ ገበሬ ሩዙን ከነገለባው በከረጢት ያመጣዋል፤ ሞተሩ ገለባውን ያወልቅለታል፤ እኛ ሴቶቹ ደግሞ ሰፌድ ይዘን እንቀመጥና ስባሪውን ከደህናው፣ ጠጠሩን ከሩዙ እንለያለን። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። በዚያ ላይ ዓይነ አፋር ነኝ። የማያውቀኝ ሰው «ኩራተኛ ናት» ይለኛል፤ የሚያውቀኝ ግን «ይችን ልጅ የርብ ወንዝ ሞልቶ ቢወስዳት ድረሱልኝ ማለት ታፍራለች» ይላል። እውነቱ ለሁለተኛው ያደላል። አንድ ቀን ከዓለም በር ተሳፍሬ ስመጣ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ወረታን በመስኮት እያየኋት አልፌ ሐሙሲት ደርሻለሁ። ሐሙሲት የወረድኩትም ሌላ ወራጅ ስለተገኘ ነው።

የመፈልፈያችን ሞተረኛ ደርሶ ይባል ነበር። «ነበር» ስል ዛሬም ደርሶ ነው የሚባለው፤ እዚህ የለም እንጂ። ሞተሩን የሚያስነሳው፣ የሚያጠፋው፣ ሲታመም የሚያክመው እሱ ነበር። እሱም እንደኔው ዓይነ አፋር ነው። ሁለት ዓይነ አፋሮች አንድ ቤት ሲሠሩ ምን እንደሚሆን ላስረዳችሁ። ሞተሩ ሲጮህ መነጋገር አይቻልም፤ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ እናፍራለን። መብራት ሄዶ ቤቱ ድንገት ጸጥ ሲል እሱ የሞተሩን ቀበቶ ያያል፣ እኔ ሰፌዴን አያለሁ። መብራት ሲመጣ ሁለታችንም እፎይ እንላለን። እኔ ግን እፎይ ካልኩ በኋላ፣ ምነው ትንሽ በቆየ እል ነበር።

በቆላው በኩል ሩዝ መዝራት ሲስፋፋ ጃዊ ላይ አዲስ መፈልፈያ ተተከለና ደርሶን ሞተረኛ አድርገው ወሰዱት። የሄደ ዕለት ሞተሩን ቅባት አጠጣው፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ወደ እኔ መጣ። ልቤ ከሞተሩ በላይ ጮኸ።

«ይኼ ሞተር ሲያስነጥሰው ቀበቶውን አጥብቁት» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።

ስንብታችን ይኸው ነው። ሌላው ሰው ሲለያይ ይላቀሳል፤ እኛ ስለ ቀበቶ ተነጋገርን።

ከሰነበተ በኋላ ስልክ ደወለ። በእኛ አገር ሰላምታ እንዴት እንደሚረዝም ታውቃላችሁ።

«እንደምን ሰነበትሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን ሰነበትክ?»

«ደህና ነኝ። ደህና ነሽ?»

«ደህና። አንተስ ደህና?»

«ደህና። ሰዉ ሁሉ ደህና?»

«ደህና ነው።»

«ሞተሩስ?»

«ደህና ነው።»

«አያስነጥሰውም?»

«አልፎ አልፎ።»

«ቀበቶውን—» ሲል ካርዱ አለቀ። በሌላ ጊዜም ሲደውል እንዲሁ ሆነ፤ ሰላምታውን ሳንጨርስ ካርዱ ይቀድመናል። ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ቢኖርም የኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። ቀጥታ በመልእክት ይጽፍልኛል እንዳልል ደግሞ፣ ሽማግሌ ላልተላከባት ልጅ «እንዲያው ትዝ ብትይኝ ነው» ብሎ የሚጽፍ ደፋር ሰው ቢሆን ኖሮ ያኔ መብራት ሲጠፋ ይናገር ነበር።

የታደገን ባንክ ነው።

የደርሶ እናት እናና ይታይሽ ቁሐር ሚካኤል ነው የሚኖሩት። ስልክ የላቸውም፤ ባንክም የላቸውም። ቅዳሜ ግን ወረታ ገበያ ይወጣሉ። ስለዚህ ደርሶ ለእናቱ የሚልከውን በእኔ ሒሳብ ማሳለፍ ጀመረ። እኔ ከድሮም የባንክ ደብተር ነበረኝ፤ የመፈልፈያው ባለቤት ደመወዛችንን የሚያስገባልን በዚያ ነው።

እንግዲህ በስልክ ገንዘብ የላከ ሰው ያውቀዋል፤ ባንኩ መጨረሻ ላይ «ምክንያት ያስገቡ» ይላል። ሌላው ሰው «የግል» ብሎ ያልፈዋል። ደርሶ ግን ሲጠይቁት የሚመልስ፣ ሳይጠይቁት የማይናገር ሰው ነው። ባንኩ ጠየቀው፤ እሱም መለሰ።

መጀመሪያ የመጣልኝ መልእክት ላይ «ምክንያት፦ ለእናቴ» ይላል። ልክ ነው፤ ለእናቱ ነው።

ቀጥሎ «ለእናቴ። እዚያ ዘነበ ወይ?» መጣ።

ከዚያ ወዲያ «ለእናቴ። የዚህ አገር ሰው ሩዝ ማበጠር አያውቅም።» ይችን ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት እግዜር ይወቀው። ማበጠር የሚያውቅ ሰው የት እንዳለ አልጻፈም፤ ግን የት እንደሆነ ይታወቃል።

ከዚያ ደግሞ ይኼ መጣ፦ «ለእናቴ። ሞተሩን ሳጠፋው ዝም ይላል። ያኔ ወረታ ትዝ ትለኛለች።»

ወረታ ሰፊ ከተማ ናት። የትኛው ክፍሏ ትዝ እንደሚለው አልገለጸም። መናኸሪያው ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያን ቀን ሩዙን ትቼ ጠጠሩን ሰብስቤ ከረጢት ውስጥ ልከት ስል ተይዣለሁ።

የኔ መልስ አንድ ሚስድ ኮል ነበር። አንድ ጊዜ አስጠርቶ መዝጋት፤ ትርጉሙም «አየሁት» ነው። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ስልኬ መልእክት ሲሞላበት የቴሌውንም የቀበሌውንም አጠፋለሁ፤ የባንኩን አላጠፋም። እናና ይታይሽ ቅዳሜ መጥተው የልጃቸውን ብር ሲቀበሉኝ «ምን አለሽ ልጄ?» ይሉኛል። «ለእናቴ ነው ያለው» እላቸዋለሁ። ደስ ይላቸዋል። ሌላው የኔ ድርሻ ነው።

እንዲህ እያለን ባንኩ ለመልእክት ማስከፈል ጀመረ። ገንዘብ በገባ ቁጥር «ገብቷል» ለማለት ይቆርጣል። እኔ ቅር አላለኝም። እንዲያውም ረከሰ አልኩ። ሰምታ እንቅልፍ ያጣችው ፈንታነሽ ናት።

ፈንታነሽ ከጎኔ የምትቀመጥ አበጣሪ ናት። ሒሳብ ትወዳለች። ቲማቲም ስትገዛ መጀመሪያ ሚዛኑን ታስመዝናለች።

«አንቺ፣ ገንዘብ ገባ ለማለት ነው የሚቆርጡብሽ?»

«አዎ።»

«ገንዘቡ ከገባ ገባ ነው እንጂ! እኔ ቤት የገባ እንግዳ ‹ገብቻለሁ፣ ክፈይ› ቢለኝ በጅራፍ ነበር የማስወጣው። ደግሞ ያንቺ ገንዘብ እንኳ አይደለም። ለሰው እናት እያስተላለፍሽ አንቺ ትቆረጫለሽ? የማን ሞኝ ነሽ?»

የማን ሞኝ እንደሆንኩ ብነግራትማ ጥሩ ነበር። ግን አፈርኩ። ዝም ስላት እንደተስማማሁ ቆጠረችው። ፈንታነሽ ዘንድ ዝምታ ሁልጊዜ እሺታ ነው፤ ይኼን ልብ በሉልኝ።

በዚያው ሰሞን ከመናኸሪያው ማዶ አዲስ ባንክ ተከፈተ። በባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው ከተማውን ያዞሩታል፦ ወርሃዊ ክፍያ የለም፣ የመልእክት ክፍያ የለም፣ ሒሳብ ለሚከፍት ስጦታ አለ። ስጦታው ደጃፉ ላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ ትልልቅ ባለ ቀለም ጃንጥላ። ሐምሌ ነው። የወረታ ሐምሌ ደግሞ ሰማዩ ከላይ፣ ጭቃው ከታች ሆነው ሰውን እንደ ሳንዱች የሚበሉበት ወር ነው። ፈንታነሽ ጃንጥላውን ስታይ እጄን ያዘች፤ እኔን ልትጎትት ነው እንጂ ለፍቅር አይደለም።

መስኮቱ ላይ ያለችው የባንኩ ሠራተኛ በዕድሜ ከኔ ብታንስ ነው። እኔ ግን አንቱ አልኳት። መስታወት ኋላ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ትልቅ ይመስለኛል።

«ምን ዓይነት ሒሳብ ልክፈትልሽ?» አለችኝ።

«ጃንጥላ ያለውን» አለች ፈንታነሽ።

«ጃንጥላው ለተንቀሳቃሽ ሒሳብ ነው። ለቁጠባ እስክርቢቶ ነው የምንሰጠው።»

«ታዲያ ተንቀሳቃሹን ነዋ!»

«ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ለነጋዴ ነው የሚሆነው» አለች ልጅቱ፣ ወደ እኔ እያየች። «እንደ ልብ ታወጪበታለሽ፣ ታስገቢበታለሽ፤ ቼክ ይኖርሻል። ግን ወለድ የለውም። ለቼኩ ደብተርም ትከፍያለሽ።»

«ወለዱ ቢኖር ስንት ይሆን ነበር?» አለች ፈንታነሽ። «በሷ ብር ልክ ንገሪኝ።»

ልጅቱ ደመወዜን ጠየቀችኝ። በሹክሹክታ ነገርኳት። ማስያዋን ነካክታ ፊቷ ላይ ኀዘን ታየ። «በዓመት... ሳሙና ቢገዛ ነው» አለች።

«ጃንጥላ ከሳሙና ይበልጣል» ስትል ፈንታነሽ ፍርዱን ሰጠች። «ነጋዴ ናት፤ ጻፊያት።»

«ምን ትነግጃለሽ?»

እኔ መሬቱን አየሁ። መሬቱ አዲስ ሴራሚክ ነው፤ ያምራል።

«ሩዝ!» አለች ፈንታነሽ። ሐሰት አትበሏት፤ ሩዝ በእጄ ያልፋል።

ቅርንጫፉ አዲስ በመሆኑ ደንበኛ የሚጠበቀው እንደ ሙሽራ ነበር፤ ብዙ አልመረመሩኝም። ፈርሚ አሉኝ፤ ፈረምኩ። ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት። የፊተኛውና የኋለኛው አይመሳሰሉም። «የትኛው ነው ያንቺ ፊርማ?» አለችኝ ልጅቱ። «እርስዎ የወደዱት ይሁን» አልኳት።

በዚህ ዓይነት እኔ፣ ከስድስተኛ ክፍል የተመለስኩት ሩዝ አበጣሪ፣ የቼክ ባለቤት ሆንኩ። ጃንጥላዬን ዘርግቼ መፈልፈያ ስገባ የተቀበሉኝን አትጠይቁኝ። «ባለቼኳ መጣች! ተነሡላት!» ሆነ። አንዷ «እስቲ ለዚህ ጠጠር ቼክ ጻፊለትና ከሩዙ ላይ ይልቀቅ» አለችኝ። ቅዳሜ እናና ይታይሽ ሲመጡ ፈንታነሽ «ቼክ ትጻፍልዎ?» አለቻቸው። ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና «ብሩን ስጪኝ ልጄ። ወረቀትማ ቀበሌም ይሰጠኛል» አሉኝ።

አዲሱን የሒሳብ ቁጥር ለደርሶ የላከችለት ፈንታነሽ ናት። ከሥሩም «ይኼኛው ነጻ ነው» ብላ ጻፈችበት።

ደርሶም ላከ። መልእክቱ መጣ። ገለባው ክምር ኋላ ሄጄ ብቻዬን ከፈትኩት።

«ክቡር ደንበኛችን፣ ሒሳብዎ ውስጥ ገንዘብ ገብቷል። ስለመረጡን እናመሰግናለን።»

ገለበጥኩት፤ ኋላ የለውም። ወደ ታች ወረድኩ፤ ታች የለውም። «ለእናቴ» እንኳ የለም። ያው እንደ ልማዴ አንድ ሚስድ ኮል አድርጌ ዘጋሁ። የሚቀጥለው ወር ይጽፍ ይሆናል አልኩ።

የሚቀጥለውም «ክቡር ደንበኛችን» ሆነ። እኔም ሚስድ ኮሌን አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳለፈብኝ ናፍቆት የያዘው ሰው ያውቀዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ድሮ አፍር ነበር፤ አሁን ማልቀስ ጀመረኝ። ገለባው ዓይኔ ገባ እላለሁ። አዲሱ ሞተረኛ ቀበቶ ሲያጠብቅ እጁን አያለሁ፤ ያ እጅ አይደለም። የድሮዎቹን መልእክቶች ከመጀመሪያው አነብና «ወረታ ትዝ ትለኛለች» ላይ ስደርስ ስልኩን እዘጋለሁ። ይኼን ሁሉ ጊዜ እሱ ጃዊ ላይ ምን እየሠራ ይሆን? «የዚህ አገር ሰው ማበጠር አያውቅም» ብሎኝ ነበር። መቼም ማስተማር ጀምሮ ይሆናል። አንዷን አጠገቧ ተቀምጦ «ሰፌዱን እንዲህ ያዢው» ሲላት ይታየኛል። ልጅቱን በሐሳቤ ቀይ አደረግኋት፣ ጠጉራም አደረግኋት፣ ከኔ ይልቅ ደፋር አደረግኋት። ስሟን ሳወጣላት ብቻ ራሴን ገሠጽኩ።

የሚገርመው፣ በባንኩ አልጠረጠርኩም። የጠረጠርኩት ሰውየውን ነው። ነጻ የሆነ ነገር ምን ሊያጎድል ይችላል?

ነሐሴ ላይ ነው እናና ይታይሽ ከቁሐር ሚካኤል ያን ውሃ አቋርጠው፣ ቀሚሳቸው እስከ ወገባቸው ረጥቦ የመጡት። ብሩን ተቀብለው አልሄዱም። ጃንጥላዬ ሥር ቆሙና ፊቴን አዩኝ።

«ልጄ፣ ከደርሶ ጋር ተቀያይማችኋል?»

«ኧረ እናና! ለምን?»

«በጎረቤት ስልክ አግኝቼው ድምፁ ልክ አልነበረም። ቢጨንቀኝ አጥብቄ ጠየቅሁት። ‹አንድ ነገር ጠይቄያት አየሁት ብላ ዝም አለችኝ› አለ።»

«ምን... ምን ጠየቀኝ?»

«እኔስ ምን ጠይቀሃት ነው ብለው ‹ተይው› አይለኝም? ያንቺና የሱ ነገር ቤተ ልሔም ነው፤ ሰው አይገባበትም።»

ያን ጊዜ ነው የተገለጠልኝ። ደርሶ መጻፉን አልተወም። ጠይቆኛል። እኔ ሳላየው አየሁት ብያለሁ። አንዲት ሴት ወንድ ልጅ ሲጠይቃት እሺም እምቢም ሳትል «አየሁት» ብላ ስትዘጋበት አስቡት! ይኼን የመሰለ ጭካኔ በጠላትም አይደረግ። ጃንጥላውን ቀና ብዬ አየሁት። ደርሶን ለዚህ ነው የሸጥኩት?

በማግስቱ ወደ አዲሱ ባንክ ሄድኩ። ብቻዬን። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን እየደጋገምኩ ነው የሄድኩት። ሰልፍ ነበር፤ ተራዬን ጠብቄ መስኮቱ ላይ ቆምኩ። ያችው ልጅ ናት።

«መልእክቱ ላይ... ላኪው የጻፈው ምክንያት... አይመጣም እንዴ?»

«የኛ መልእክት አጭር ነው፤ ምክንያቱን አያመጣም። ነጻ ነው እኮ። ደግሞ ምክንያት ምን ያደርግልሻል? ዋናው ብሩ አይደል?»

«አይደለም!» አልኩ።

ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። እኔ እንደዚያ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ስጠመቅ ይመስለኛል። ልጅቱ አተኩራ አየችኝና ፊቷ ለስለስ አለ። «እኔ እዚህ ይታየኛል» አለችና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። «ላንብብልሽ?»

ባንክ ቤት እስካሁን እየተንጫጫ የነበረ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ጸጥ የሚለው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ልክ ያን ጊዜ። ወደ ኋላዬ ዞር ብል ከበስተኋላዬ የቆሙት የንስሐ አባቴ ናቸው። የደብሩን ብር ሊያስገቡ መጥተው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ ጆሯቸውን አቅንተው።

ልጅቱ መጀመሪያ በልቧ አነበበችው። ቅንድቧ ከፍ አለ። «ወይኔ!» አለች። ፈገግ አለች። ከዚያ አፏን ከፈተች።

«ይቅር! ይቅር!» ብዬ ሮጥኩ። በሩ ላይ ስደርስ ጃንጥላዬ በራሱ ጊዜ ተዘረጋና በሩ ላይ ተቀረቀረ። ብጎትተው እምቢ፣ ብገፋው እምቢ። ዘበኛው ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ ስንታገል የንስሐ አባቴ ደረሱ።

«ልጄ፣ ምን ሰምተሽ ነው?»

«ምንም አልሰማሁም አባ!»

እውነቴን ነው። ምንም አልሰማሁም። ችግሬም ይኸው ነው። እንግዲህ የተጠየቅሁትን በዓለም ላይ የሚያውቁት ጠያቂውና የባንኩ ልጅ ናቸው። ተጠያቂዋ እኔ አላውቀውም። ተመልሼ እንዳልጠይቃት አፍሬ፣ ያችን ደጅ ከዚያ በኋላ በሌላኛው ጥግ ነበር የማልፋት።

ያን ቀን ዝናቡ መፈልፈያ እስክደርስ ደበደበኝ። ጃንጥላውም በሩ ላይ ተቀዶ ኖሮ መሐል አናቴን መርጦ ያንጠባጥብብኛል።

ሦስት ቀን አሰብኩበትና ምሳ ሰዓት ላይ ገለባው ክምር ኋላ ተቀመጥኩ። የድሮው ባንክ ሒሳቤ አልተዘጋም ነበር፤ ጭላጭ የምታህል ብር ቀርታበታለች። በዚያ ለደርሶ ልልክ ነው። ብር ሳይሆን ምክንያት።

ኮከብ፣ ቁጥር፣ መሰላል። የሚላክለት ሰው? አስገባሁ። የገንዘብ መጠን? ለመላክ የሚቻለውን ትንሹን አስገባሁ። የሚቆርጡብኝ ከምልከው ይበልጣል፤ ፈንታነሽ ብታየኝ ራሷን ትስት ነበር። ከዚያ ስልኬ ጠየቀኝ፦ «ምክንያት ያስገቡ»።

አቤት፣ እንዴት የሚያስጨንቅ ጥያቄ ነው! ደርሶ በየወሩ ይኼን ነበር ለካ የሚጋፈጠው። «ጥያቄህ አልደረሰኝም፤ ባንክ ቀይሬ ነው፤ ለጃንጥላ ስል» ብዬ ጀመርኩ። በባለ ቁልፍ ስልክ ፊደል ለቀማ ቀላል አይደለም፤ ግማሹ ላይ ስደርስ «ጊዜዎ አልፏል» ብሎ ዘጋብኝ። እንደገና ከኮከብ ጀመርኩ። «ምን ብለህ ነበር?» ልበል? ደፍሮ አንድ ጊዜ የተናገረውን ዓይነ አፋር ሰው ድገመው ማለት ግፍ ነው፤ እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። እያሰብኩ «ጊዜዎ አልፏል»። እንደገና ከኮከብ።

ስልኩ ሊዘጋብኝ ሲል እጄ በራሱ ሁለት ፊደል መታ፦ «እሺ»።

ተላከ።

ለፈንታነሽ ነገርኳት። እስከ ዛሬ የደበቅኋትን ሁሉ፣ ከሞተሩ ጀምሬ። አፏን ይዛ ሰማችኝ።

«ጥያቄውን ሳታውቂው እሺ?»

«እሺ።»

«አንቺ ልጅ! ሩዙን ሳታበጥሪ ቀቀልሽው! ‹ሌላ ላግባ ወይ?› ብሎሽ ቢሆንስ?»

ይኼን አላሰብኩትም ነበር። ካነሣችው ወዲያ ግን ሌላ የማስበው አጣሁ። «እናቴ ላሟን ትሽጥ ወይ?» ብሎኝ ከሆነ የእናና ይታይሽን ላም አሽጫለሁ። «እዚሁ ልቅር ወይ?» ብሎኝ ከሆነ በገዛ አፌ አስቀርቼዋለሁ። ፈንታነሽም ተጸጸተች መሰለኝ፣ ያን ቀን የኔን ሩዝ ጨምራ አበጠረችልኝ። ሌላ ጊዜ እንኳን ልታበጥርልኝ ሰፌዷን አታውሰኝም።

ጠበቅሁ። ነሐሴ አለቀ። ከወረታ ወዲያ ሜዳው ሁሉ ውሃ ነው፤ ሰማዩ ወርዶ መሬት ላይ የተኛ ይመስላል። ማታ ማታ ከብቱ ውሃውን እየሰነጠቀ ሲገባ አያለሁ። ስልኬን በመቀነቴ ውስጥ ነው የማስቀምጠው፤ ሞተሩ ሲጮህ ባልሰማው እንኳ ሲንቀጠቀጥ እንዲሰማኝ።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ ተንቀጠቀጠ። የድሮው ባንክ ነው! ለመልእክቱ ቆርጦብኛል፤ ይቁረጥ፤ እጁ ይባረክ።

«ምክንያት፦ ለእናቴ። እሺ ካልሽማ ከመስቀል በኋላ ውሃው ሲጎድል ወደ አባትሽ ቤት ከ»

አለቀ። ባንኩ የሚሸከመው ቃል ልክ አለው ለካ! «ከ» ብሎ ገደል ከተተኝ። ፈንታነሽ ስልኩን ነጥቃ ወደ ብርሃን አነሣችው፤ ከጀርባው ያለ ይመስል። «ከሽማግሌ ጋር ነው!» አለች። «ከእናቴ ጋር» ሊሆን ይችላል አልኳት። «ከይቅርታ ጋርም» ሊሆን ይችላል። ሰው ሲናፍቅ አንዲት ፊደል ላይ ቤት ይሠራል፤ ያው ደግሞ መልሶ ያፈርሰዋል።

ያን ሰሞን ነው ሁለት ሒሳብ ከምይዝ አንዱን ልዝጋ ያልኩት። ሁለቱን ባንኮች እንደ ሩዝ ሰፌድ ላይ አድርጌ አበጠርኳቸው። አዲሱ ወርሃዊ የለውም፣ ለመልእክት አይቆርጥም፣ ቼክ አለው፣ ጃንጥላ ሰጥቷል። የድሮው ይቆርጣል፣ ይቆርጣል፣ አሁንም ይቆርጣል። ፈንታነሽን ብትጠይቋት የቱ ጠጠር የቱ ሩዝ እንደሆነ ትነግራችኋለች። እኔ ግን የነጻውን ልዘጋ ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ ያችው ልጅ። ሁለታችንም ቀላን። የቼኩን ደብተር መለስኩላት፤ አንድም ቅጠል አልተቆረጠለትም። ፈረምኩ፤ ፊርማዬ አሁንም ከሁለቱም ጋር አይመሳሰልም። ልጅቱ አለፈችኝ። ከዚያ በኮምፒውተሯ ላይ የሆነ ነገር አየችና ቀና አለች።

«የሚዘጋበት ምክንያት?»

ይኸው። እሱንም ጠየቁት፣ እኔንም ጠየቁኝ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ልቤ ውስጥ ያለውን ብናገር መስታወቱ ይሰነጠቃል።

«ጃንጥላው ያፈሳል» አልኩ።

ልጅቱ እየሳቀች ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ሳቋን ትታ ወደ መስታወቱ ቀዳዳ ጎንበስ አለች፣ ከኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ።

«እሺ አልሽው?»

«አልኩት።»

«ጎሽ!» አለችኝ፤ ማህተሙንም መታችበት።

ጥያቄው ምን እንደነበር አልጠየቅኋትም። «ጎሽ» ይበቃኛል። ላም ለማሸጥ ጎሽ አይባልም።

ይኸው መስቀል አለፈ። አባቴ ቤት ከርብ ማዶ ነው፤ ክረምቱን መንገዱ ውሃ ነው። ከዚያ የሚመጣ ገበያተኛ ባየሁ ቁጥር «ውሃው የት ደርሷል?» እላለሁ። ድሮ ለሰው መናገር የማፈራው እኔ! መጀመሪያ ሰሞን «ወገብ» ይሉኝ ነበር፤ ከዚያ «ጉልበት»። አንድ ሽማግሌ «ምነው ልጄ፣ ጓያ ልትዘሪ ቸኩለሽ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። አዎ አልኳቸው።

ትናንት የመጣው ገበያተኛ «ባት ድረስ ነው» አለኝ። እንግዲህ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ነጭ ጋቢ የለበሰ የተከበረ ሰው፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ባት ድረስ ያለ ውሃ ይሻገራል ወይስ ቁርጭምጭሚት እስኪሆን ይጠብቃል? ፈንታነሽን እንዳልጠይቃት አፍራለሁ።